የመጨረሻው ጠረጴዛ

እ.ኤ.አ. በ1989 ኤርትራ ውስጥ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ በእርዳታ ከመጣው መድኃኒት መካከል ሰባት የጭነት መኪና ሙሉ አስፕሪን ነበር። የአገልግሎት ጊዜው አልፎበታል። አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጀ። ማንም ያልጠየቀው፣ ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር ብቻ የቀረው አንድ ኮንቴይነር የልብ መድኃኒትም አብሮ መጣ። በደም ሥር የሚሰጥ የአሚኖ አሲድ ፈሳሽ ደግሞ 30,000 ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነበር፤ እሱም ጊዜው አልፎበት ስለነበር፣ ከሽታው የተነሳ ሰው በሚኖርበት አካባቢ መድፋት አልተቻለም። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያውን ሲያወጣ ይህን ታሪክ ከምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎ አስፍሮታል።

መመሪያው የአርመንንም ያነሳል። እ.ኤ.አ. ከ1988ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ወደዚያች አገር ጎረፈ። ምን እንደመጣ ለይቶ ለማወቅ 50 ሰዎች ስድስት ወር ሠሩ። 8 በመቶው ሲደርስ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ 4 በመቶውን ውርጭ አበላሸው፤ ከተረፈው ውስጥ በቀላሉ ምንነቱን መለየት የተቻለው 30 በመቶውን ብቻ ነው። አብዛኛው መድኃኒት ላይ የተጻፈው የንግድ ስሙ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ የላኩት ሰዎች ደግነት አልጎደላቸውም። የጎደለው ዕቃው ከመጫኑ በፊት “ይህን ማን ጠየቀው? ማን ይወስደዋል? ሲያልቅበትስ ከየት ያገኛል?” ብሎ የሚጠይቅ፣ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ነው። ዛሬም ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሐኪሞችና ነርሶች የእረፍት ጊዜያቸውን ሰውተው፣ በገዛ ገንዘባቸው ትኬት ቆርጠው ኢትዮጵያ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ስለ ቀዶ ሐኪሞቹ ብዙ ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። ስለ ፋርማሲስቱ ግን እምብዛም አልተጻፈም፤ ቡድኑ ጠቅሞ ወይም ጎድቶ መሄዱ የሚወሰነው ግን በአብዛኛው እሱ ዘንድ ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ፣ ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ሳምንት፣ አንድ መማሪያ ክፍል መድኃኒት ቤት ሆኗል። ዴስኮቹ ግድግዳው ጥግ ተደራርበው መደርደሪያ ሆነዋል። ሰሌዳው ላይ ሳይጠፋ የቀረ የክፍልፋይ ሒሳብ አለ። ግቢው ውስጥ ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል፤ መጀመሪያ ምዝገባ፣ ቀጥሎ የሙቀትና የደም ግፊት ልኬት፣ ከዚያ ሐኪም፣ እንደ ሕመሙም ዓይን ወይም ጥርስ። ከየትኛውም ክፍል ቢወጣ ሁሉም የሚመጣው ወደዚህ ነው። ሐኪሙ ጋ ሳይብራራ የቀረው፣ አስተርጓሚው ያሳጠረው፣ ታማሚው ለመናገር ያፈረው ነገር ሁሉ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

ጠረጴዛው ጋ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዷ ሜሪላንድ ውስጥ ከምትሠራበት ሆስፒታል ፈቃድ ወስዳ የመጣች ፋርማሲስት ናት። ሌላው የከተማዋ ጤና ጣቢያ የፋርማሲ ባለሙያ ነው፤ ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከሚመጣው ሰው ግማሹን በስም ያውቃል። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት እናት ማዘዣቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ማዘዣው ላይ ለደም ግፊት ሊሲኖፕሪል፣ ለጉልበት ሕመም ኢቡፕሮፌን ተጽፏል።

“እማማ፣ ከዚህ በፊት የሚወስዱት መድኃኒት አለ?”

“የለም ልጄ።”

“ለግፊትም? ቤት ያስቀመጡት፣ አልፎ አልፎም ቢሆን የሚውጡት?”

“ኧረ እሱማ አለ። እሱን መድኃኒት ብዬ አልቆጠርኩትም፤ የሁልጊዜ ነው እኮ።”

የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የተጠቀለሉ ክኒኖች ወጡ፤ ስም የላቸውም፣ ሁለት ዓይነት ናቸው። ፋርማሲስቷ አንዱን ክኒን አንስታ ስታገላብጥ ወጣቱ ባለሙያ ቀደማት። ኢናላፕሪል ነው፤ ከራሱ መደርደሪያ የወጣ ነው። ሌላው የሽንት መድኃኒት የምንለው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው።

ሊሲኖፕሪልና ኢናላፕሪል የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ በአንድ መንገድ ይሠራሉ። አሜሪካ ውስጥ ሐኪሙ እጁ የለመደው ሊሲኖፕሪልን ነው፤ የኛ ጤና ጣቢያ የሚይዘው ኢናላፕሪልን ነው። እኚህ እናት ሁለቱንም ይዘው ቢሄዱ ሁለቱንም ይወስዱ ነበር፤ የክኒኖቹ መልክም ስምም ስለሚለያይ የሚያስጠረጥራቸው ነገር የለም። ግፊታቸው ከልክ በታች ወርዶ አዙሯቸው ሊወድቁ፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ፖታሲየም ልብን እስከሚያስቸግር ሊጨምር ይችል ነበር። ኢቡፕሮፌኑ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ ወደ ኩላሊት ይሻገራል። የዚህ ቤተሰብ የግፊት መድኃኒት፣ የሽንት መድኃኒትና እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ወደ ኩላሊት የሚደርሰውን የደም ፍሰት ከየአቅጣጫው ያዳክሙታል፤ አቅመ ደካማ ሽማግሌና ተቅማጥ የያዘው ሰው ላይ ሲሆን ይብሳል። በነጻ ሕክምና ዘመቻ ላይ እጅግ የሚታደለው መድኃኒት ደግሞ ማስታገሻ ነው። ወገቡን የማያመው ገበሬ፣ ጉልበቷን የማያማት እንጨት ተሸካሚ የለምና።

ፋርማሲስቷ ተነስታ ማዘዣውንና በወረቀት ያለውን ክኒን ይዛ ወደ ሐኪሙ ክፍል ሄደች። ያዘዘው ሰው አላኮረፈም፤ ጥሩ ቡድን ውስጥ ይህ የዕለት ሥራ ነው። ሊሲኖፕሪሉ ተሰርዞ የኢናላፕሪሉ መጠን ጤና ጣቢያው ውስጥ ባለው ክኒን እንዲስተካከል ተጻፈ፤ በኢቡፕሮፌኑ ፈንታ ፓራሲታሞል ታዘዘ። ሐኪሙ ፈረመበት። ከሻንጣው ለእኚህ እናት የወጣው ፓራሲታሞል ብቻ ነው። ይዘውት የመጡትን መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ቋጠሩት፤ አሁን ግን ስም በተጻፈበት ከረጢት ውስጥ ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ዘመቻዎች ለጋዜጣ መግለጫ ሲሰጡ የሚቆጥሩት የታከመውን ሰውና የታደለውን መድኃኒት ነው። ያልተሰጠ ሊሲኖፕሪል በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይገባም። እኔ ግን በዚያ ቀን ከተሠራው ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

ማስረዳቱ ከማደሉ በላይ ጊዜ ይወስዳል። ከውጭ ታትሞ የመጣ የከረጢት ላይ ጽሑፍ “8” ብሎ የጠዋት ሰዓት ሲያመለክት፣ እኛ ዘንድ 8 ሰዓት ማለት ምሳ ተበልቶ ያለቀበት ጊዜ ነው። ከቁርስ ጋር የታሰበው ክኒን ከምሳ በኋላ፣ የማታው ደግሞ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ይዋጣል። ስለዚህ ፋርማሲስቷ ሰዓት አትጽፍም፤ ከረጢቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ትስላለች፣ ከጎናቸው የክኒኑን ብዛት በክብ ታስቀምጣለች። የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም እንዲሁ ነው። በኛ 2018 ዓ.ም. ላይ ያለ ሰው ጠርሙሱ ላይ 2025 የሚል ቁጥር ቢያይ ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ መድኃኒቱ ግን ጊዜው አልፎበት ይሆናል። የውጭ አገር ፋርማሲስት የቱንም ያህል ቢማር ይህን ማንም ካልነገረው አያውቀውም። ጠረጴዛው ላይ ያገሬው ባለሙያ አብሮ መቀመጥ ያለበት ለትርጉም ብቻ አይደለም።

ሌላው ጾም ነው። ግሊበንክላማይድ ለስኳር በሽታ የሚሰጥ ርካሽና በሁሉም ቦታ የሚገኝ ክኒን ነው። ጠዋት ወስዶ ቁርስ ለሚበላ ሰው ጥሩ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ጠዋት ከዋጠው ግን ስኳሩ እየወረደ ይሄዳል፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ሊስት ይችላል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ለሚጾመውም ያው ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እስልምና ለታመመ ሰው ጾሙን ያነሱለታል፤ ይሁንና አረጋውያኖቻችን በዚህ ፈቃድ ብዙም አይጠቀሙም። ስለዚህ ባለሙያው “አይጹሙ” ብሎ አይጀምርም። “ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት?” ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያም መድኃኒቱን ከመጀመሪያው ምግብ ጋር ያስኬደዋል፣ ወይም ሐኪሙን ሌላ መድኃኒት ያስመርጠዋል። ስለ ጠበልም እንዲሁ በአክብሮት ይጠየቃል። ጠበል ሲገቡ ክኒን የሚያቆሙ ብዙ ናቸው፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ለስንቱ ሕይወት እንደጠቀመ የጤና ባለሙያዎች ያውቁታል።

በመጨረሻ ፋርማሲስቷ “ገባዎት?” ብላ አትጠይቅም፤ ለሱ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ “አዎ” ነው። “እስቲ እማማ፣ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት እርስዎ ይንገሩኝ” ትላለች። እማማ ከረጢቱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው፣ በጣታቸው ፀሐይዋን ነክተው ተናገሩ። የመጀመሪያውን አሳስተው ሁለተኛውን በትክክል አሉት።

እንዲህ ያለ ቀን የሚጀምረው ከወራት በፊት ነው። ፋርማሲስቱ በቡድኑ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራው ዝርዝር ማውጣት ነው፤ ዝርዝሩ የሚነሳውም ሻንጣው ውስጥ ካለው ሳይሆን ቡድኑ ከሚሄድበት ቦታ ነው። እዚያ የሚበዛው ሕመም ምንድን ነው? የቆላ ወባ አለ? ጤና ጣቢያው ምን ይይዛል? የአገሪቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ የትኛው ተጽፏል? የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ኢትዮጵያም የራሷ አላት። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ መድኃኒት ይዞ የመጣ ቡድን፣ ሲሄድ ታማሚውን ማንም ሊቀጥልለት የማይችል ሕክምና ላይ ትቶት ይሄዳል።

የልገሳ መመሪያው እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ በ1999 እና በ2010 ተሻሽሏል። ይዘቱ ግልጽ ነው። መድኃኒቱ ተቀባዩ የጠየቀው ይሁን፤ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ይቅረው፤ ስሙ በዓለም አቀፍ መጠሪያው፣ በአገሬው ባለሙያ በሚነበብ ቋንቋ ይጻፍ፤ ለታማሚ ተሰጥቶ የተመለሰ ወይም ለሐኪም በናሙናነት የታደለ ክኒን አይላክ። በለጋሹ አገር ለሰው የማይሰጥ ነገር ለሌላ አገር ሰው ጥሩ ነው ማለት አይቻልም። ይህ የመጨረሻው ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሜሪላንድ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ቢገኝ የሚያስቀጣ ጠርሙስ፣ መንዝ ሲደርስ በረከት ሊሆን አይችልም።

መመሪያ መውጣቱ ግን ችግሩን አላጠፋውም። እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በኋላ ወደ ኢንዶኔዥያዋ አቼ 4,000 ቶን መድኃኒት ተልኳል። እ.ኤ.አ. በ1985 በፈረንሳይ የተቋቋመው የፋርማሲስቶች የበጎ ፈቃድ ድርጅት፣ ፋርማሲያን ሳን ፍሮንቲየር፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ሲያጣራ 60 በመቶው በአገሪቱ ዝርዝር ላይ የሌለ ነበር፤ 70 በመቶው ላይ ያለውም ጽሑፍ ያገሬው ሰው በማያነበው ቋንቋ ነበር።

እኛ ዘንድ በሩ ላይ ያለው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። መድኃኒት ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይገባም። የእያንዳንዱ ስም፣ ጥንካሬ፣ ብዛት፣ የምርት መለያ ቁጥርና ማብቂያ ቀን ተዘርዝሮ ይቀርባል፤ እንደ ሞርፊን ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች የራሳቸው ፈቃድ አላቸው። ቦሌ ሻንጣቸው ተይዞ የሚበሳጩ ወገኖቻችንን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ብስጭታቸው ይገባኛል፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ደብዳቤው ብዙ ነው። ይሁንና ቁጥጥሩ ባይኖር የነዚያ ኤርትራ የደረሱ ሰባት መኪናዎች ዓይነት ጭነት መምጫው ይቀላል። ሥራውን የሚያውቅ ፋርማሲስት ያለው ቡድን ወረቀቱን ቀደም ብሎ ይጀምረዋል፣ ከዚያ አልፎም ይጠይቃል፦ ይህን ሁሉ ተሸክሞ መምጣት ለምን አስፈለገ? ፓራሲታሞልን፣ አሞክሲሲሊንን፣ በተለምዶ ለምለም የምንለውን የተቅማጥ ንጥረ ነገር አዲስ አበባ ካለ ሕጋዊ አስመጪ ወይም አምራች መግዛት ይቻላል። ጽሑፉን ያገሬው ባለሙያ ያውቀዋል፤ የሻንጣውም ኪሎ ለሌላ ነገር ይተርፋል።

ስለ ሕፃናት መድኃኒት አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ የሚመጡ ቡድኖች አሞክሲሲሊንን በዱቄት ሽሮፕ መልክ ማምጣት ይወዳሉ፤ ውሃ ተጨምሮበት የሚበጠበጠውን። የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ይፈልጋል፣ ልኩ እስከ መስመሩ ድረስ ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው በቀናት ይቆጠራል፣ ብዙዎቹም ማቀዝቀዣ ይሻሉ። መብራት በሌለበት ቤት የትኛው ይሟላል? ማንኪያውም ከቤት ቤት ይለያያል። ለዚህ ነው በማንኪያ ውሃ ወይም በእናት ጡት ወተት ውስጥ የሚሟሟው የአሞክሲሲሊን ክኒን ለሕፃናት የሳንባ ምች የተመረጠው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም የሚያውቁት እሱን ነው። ሚዛን በማይገኝበት ቦታ መጠንን ቀላል ማድረግ ይቻላል። በአማራ ክልል ለትራኮማ የሚሰጠው ዚትሮማክስ የሚለካው ሰው ሚዛን ላይ ወጥቶ አይደለም፤ ምልክት የተደረገበት ረጅም ዘንግ አጠገብ ይቆምና ቁመቱ ስንት ክኒን ወይም ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚወስድ ይናገራል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን መስመሩ ውስጥ አይገባም፤ ለእሱ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጠዋል። አንድ የመጠን ስሌት በዘንግ ላይ ተቀርጾ ለሚሊዮኖች ደረሰ። ያን ዘንግ ባየሁ ቁጥር የመድኃኒት እውቀት ማለት ይህ ነው እላለሁ።

የቀዶ ሕክምና ቡድን ሲሆን የፋርማሲስቱ ሥራ መልኩን ይለውጣል። የማደንዘዣ መድኃኒት በፊርማ ይወጣል፣ በፊርማ ይመለሳል፤ የተሰበረ ብልቃጥ እንኳ ይመዘገባል። እንደ ሰክሳሜቶኒየም ያለው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት ስላለበት፣ መብራት ሲጠፋ በረዶ ሣጥኑ ጋ መጀመሪያ የሚሮጠው እሱ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የልብ ቀዶ ሕክምና ነው።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ ዓመት ደክመው ያቆሙት የልብ ማዕከል አለ። ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ካገራችን ሐኪሞች ጋር ሆነው የሕፃናትንና የወጣቶችን ልብ ሲጠግኑ ቆይተዋል። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን ታመው፣ በአግባቡ ሳይታከሙ ቀርተው፣ በሽታው የልብ በሮቻቸውን ያበላሸባቸው ናቸው። የተበላሸው በር በሰው ሠራሽ ሜካኒካል በር ሲተካ ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ግን ዋርፋሪን የሚባለው የደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል።

ዋርፋሪን ምሕረት የለሽ መድኃኒት ነው። ካነሰ በሩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከበዛ ውስጥ ውስጡን ይደማል። መጠኑ የሚስተካከለው አይ.ኤን.አር. በሚባል የደም ምርመራ ነው፤ ምርመራው ደግሞ በየወረዳው አይገኝም። እዚህ ላይ የፋርማሲስቱ እውቀት ኩሽና ድረስ ይገባል። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፤ ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። በፍስክ ጎመን አልፎ አልፎ የምትበላ ልጅ፣ በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም በየዕለቱ ጎመን ስትበላ ደሟ መወፈር ይጀምራል። ጾሙ ሲፈታና ጎመኑ ሲቀር ያው መጠን ይበዛባታል። መልሱ ጎመን መከልከል አይደለም፤ የምትበላው መጠን ከሳምንት ሳምንት እንዳይዘበራረቅ ማድረግና ምርመራውን ከጾም መግቢያና መውጫ ጋር ማቀድ ነው።

ቀጥሎ ሜትሮኒዳዞል አለ። አሜባና ጃርዲያ በሞላበት አገር፣ ሆዷን የቁርጠት ስሜት የያዛት ልጅ ወደ ቅርቡ መድኃኒት ቤት ጎራ ብላ ትገዛዋለች፤ ማንም ማዘዣ አይጠይቃትም። ሜትሮኒዳዞል ግን ዋርፋሪን ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚይዘው የደም ማቅጠን ኃይሉን አብዝቶ ለመድማት ያጋልጣታል። ኮትሪሞክሳዞልም እንዲሁ። ደግሞ ልጅቷ ነገ ታገባለች፣ ትወልዳለች፤ ዋርፋሪን በተለይ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ይህን ማን ይነግራታል? ቀዶ ሐኪሙ ወደ አገሩ ተመልሷል። የበጎ ፈቃድ ፋርማሲስት ከቡድኑ ጋር የመምጣቱ ትርጉም እዚህ ላይ ይታያል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ልጅቷን ከነወላጆቿ አስቀምጦ፣ ከየት ዞን እንደመጣች፣ ምርመራው በየት በኩል እንደሚገኝላት፣ መድኃኒቱ ሲያልቅባት ወዴት እንደምትሄድ ይጠይቃል። መልስ ከሌለ ለቀዶ ሐኪሙ ይነግረዋል። የትኛው ዓይነት በር ይሻላል የሚለው ምርጫ ራሱ በዚህ መልስ ሊወሰን ይችላልና።

በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌም አለ፤ የጉሮሮው በሽታ ተመልሶ ልብን እንዳይጎዳ የሚከላከለው። ርካሽ ነው፣ የቆየ ነው። ነገር ግን ሲወጋ ያማል፤ ባለሙያዎችም አለርጂውን ፈርተው ለመውጋት ያመነታሉ። አንድ የጎበኘሁት ቡድን ፋርማሲስቱ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያሳለፈው ላገሬው ነርሶች አበጠባበጡንና አለርጂ ቢነሳ አድሬናሊን እንዴት እንደሚሰጥ በማሳየት ነበር። ያን ቀን አንድም ታማሚ አላስተናገደም። ጊዜውን አላባከነም ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሰሜን ሸዋዋ ከተማ ልመለስ። የዘመቻው የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰልፉ አልቆ ቆጠራ ተጀመረ። የተረፈው መድኃኒት በሁለት ተከፈለ። ጤና ጣቢያው የሚጠቀምበትና በቂ የአገልግሎት ጊዜ ያለው በሞዴል 19 ገቢ ተደርጎ ቢን ካርድ በሚባለው የመጋዘን መዝገብ ላይ ሰፈረ። የማይፈለገው ተጠቅልሎ ቡድኑ ይዞት እንዲመለስ ሆነ፤ “ምናልባት ይጠቅማቸው ይሆናል” ተብሎ የተተወ ካርቶን አልነበረም። እንዲህ ያለው ካርቶን በየጤና ጣቢያው መጋዘን ጥግ ሞልቷል፤ ማስወገጃው ደግሞ ከፍተኛ ሙቀት ያለው ማቃጠያ ይጠይቃል፣ ገንዘብም ይጠይቃል።

ከዚያ ወጣቱ የጤና ጣቢያ ባለሙያ አንድ ነገር አነሳ። በዚያ ሳምንት ግፊታቸው ከፍ ማለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቁ ብዙ ሰዎች አሉ። የሚቀጥለው ወር መድኃኒት ፍለጋ የሚመጡት እሱ ዘንድ ነው። እሱ ግን ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ጥያቄውን የሚልከው በየሁለት ወሩ፣ ባለፉት ወራት የወጣውን መጠን መነሻ አድርጎ ነው። አዲሶቹ ሰዎች በዚያ ሒሳብ ውስጥ የሉም። ኢናላፕሪሉን አዲሶቹ ሲወስዱት፣ ለዓመታት ሳያቋርጡ የወሰዱት እነ እማማ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መታወቂያቸውን ይዘው “ከውጭ ግዙ” ይባላሉ። አንድ በጎ ሥራ ሌላውን የሚያስርብበት መንገድ ይህ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት አንድም አዘጋጅ ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም።

ፋርማሲስቷ ላፕቶፗን ከፈተች። የየቀኑ ማዘዣ ተመዝግቧል። ሁለቱ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዲሶቹን ታማሚዎች ከነባሮቹ ለዩ፤ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጡ፣ ምን መድኃኒት በምን መጠን እንደጀመሩ ጻፉ። ወጣቱ የቁጥሩን ድምር ወስዶ በሚቀጥለው የጥያቄ ቅጽ ላይ ከማብራሪያ ጋር እንደሚያስገባው ተናገረ። የቡድኑ አስተባባሪም ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ መድኃኒቱ እስኪደርስ ያለውን ክፍተት የሚሸፍን ኢናላፕሪል ከአዲስ አበባ ተገዝቶ እንዲላክ ተስማማ። በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩን መጀመሪያ የሚጽፈው የጤና ጣቢያው ባለሙያ እንዲሆን፣ ቡድኑም በሱ ላይ እንዲሠራ ተወሰነ። ባለሙያው የመጀመሪያውን መስመር እዚያው አስመዘገበ፦ ሊሲኖፕሪል አይምጣ፤ ለግፊት መለኪያው በትርፍነት የሚያገለግል ማሠሪያ ጨርቅ ግን ቢመጣ ደስ ይለዋል፤ ያለው ተቀዷል።